ጽዋ የጠጣው ዳኛ

የዘንድሮ በርበሬ የጎረቤቴን ግቢ ቀይ አልብሶት ከርሟል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነጋዴው አልመጣ ስላለ፣ ሰውየው በየማዳበሪያው ከረጢት ጠቅጥቆ ይጠብቃል። ነፋሱ ወደ እኔ ቤት በዞረ ቁጥር አስነጥሳለሁ። ባስነጠስሁ ቁጥር ደግሞ «ይማርሽ!» የሚለኝ ድምፅ እንደሌለ ትዝ ይለኛል። የባለቤቴ የስማቸው ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። ያረፈው መኪና በማይንቀሳቀስበት ሰሞን ነበር፤ የእሱ ዘመዶች ከአዴት፣ የእኔዎቹ ከማንኩሳ መምጣት አልቻሉም። ማንኩሳ እኮ ቅርብ ናት፤ በደህናው ጊዜ ከቁርስ በኋላ ወጥቼ ለምሳ ቡሬ እመለስ ነበር። ሬሳውን የተሸከሙት ከገጠር በእግራቸው የመጡ የጽዋ ማኅበርተኞቹ ናቸው። ከሬሳው ኋላ አንዲት የጎበጡ አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ግቢያችን የተከራየው ወጣት አስተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ የሺ፣ እህታቸው ናቸው?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ የከሰሱት ናቸው» አልሁት። ልጁ ኀዘን አእምሮዬን የነካኝ መስሎት ክንዴን ደገፍ አደረገኝ።

እኔ ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ግን ለእናቴም አልሆንሁ፤ መብረቅ ሲጮህ እሷን ትቼ አልጋ ሥር የምገባ ነበርሁ። ስማቸው ሽማግሌ ሲልክ ያስፈራኝ እሱ ሳይሆን ሥራው ነው። ሁለት ሰው የሚገባበት፣ አንዱ ግን ሁልጊዜ አኩርፎ የሚወጣበት ሥራ። አባቴ፣ «ዳኛ አገባሽ፤ ከእንግዲህ ማን ይነካሻል?» ብሎ ኮራ። እኔ በልቤ፣ «ዳኛውን የሚነካ ቢመጣስ?» እል ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቡሬ የገባንበትን ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ያረጀው መንግሥት ሄዶ አዲሱ ገና አዲስ የሚባልበት ጊዜ ነበር። እኔ የማስታውሰው ስማቸው ለችሎት የሚለብሰውን አመድማ ቴትሮን ሸሚዝ ነው፤ ታጥቦ ሲሰጣ ወዲያው ይደርቃል፣ ሲለበስ ግን ሰውየውን ያፈላዋል። የእኔ ኩራት ደግሞ ከባሕር ዳር ያስመጣሁት አረንጓዴ የሽፎን ሻርፕ ነበር። የነቀምቴ መንገድ በሚገነጠልበት ማዕዘን አንድ ፎቶ ቤት ነበረ፤ በመስኮቱ የሙሽሮች ፎቶ ደርድሮ፣ በቴፕ የክራር ዘፈን እያሰማ ይውላል። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ሻይ ቤት፤ ሻይና ፓስቲ በሳንቲም የሚገኝበት ዘመን። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የሻዩን ዋጋ ስሰማ ሻዩ ሳይቀርብልኝ ምላሴን ያቃጥለኛል። በበርበሬ ወር ከተማው ሁሉ ያስነጥስ ነበር። ችሎት ውስጥ ከሳሽ ሲያስነጥስ ተከሳሽ «ይማርህ» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ጠባቸው ይመለሳሉ። ስማቸው ይህን እያወራ ሲስቅ እንባው ይወርድ ነበር።

በቡሬ አንድም ዘመድ አልነበረንም። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው። በሰው አገር ሞት ቢመጣ ማን ይሸከመናል? ስለዚህ ስማቸውን ወትውቼ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አስገባሁት። በየወሩ በአሥራ ሁለት ካንዱ ማኅበርተኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ከጽዋው እየተቀዳ ይዞራል። በመጨረሻም ተረኛው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ተሸክሞ በእልልታ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ የተጣሉ ሰዎች ያንን ጽዋ አይጠጡም። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚባሉት፣ ዳቦው ሳይቆረስ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ ይነሣል፣ ይቅርታ ይባባላል፣ ተሳስሞ ይቀመጣል። ይህን ሥርዓት እንዴት እወደው እንደነበር! ከማኅበርተኞቹ አንዱ አቶ አንዳርጌ ነበሩ፤ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚገዝፍ ሰው።

ወይዘሮ ጥሩዓለም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው ገበሬ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ አቶ አንዳርጌ «መሬቱን ሟቹ ለእኔ አውርሰውኛል» ብለው ያዙባቸውና ነገሩ ስማቸው ችሎት ቀረበ። ስማቸው ሕጉን አገላብጦ አየ። ሕጉ ዳኛ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱን ጉዳይ አያይም ይላል፤ ስለ ጽዋ አያነሣም። ስለዚህ ምንም ሳይናገር ነገሩን መስማት ጀመረ።

የዚያ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። ድግሱ አቶ አንዳርጌ ቤት ነበር፤ ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ ስማቸው። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ስማቸው ጽዋውን ተሸክሞ ከአቶ አንዳርጌ በር ወጣ። አቶ አንዳርጌ ጃንጥላ ዘርግተውለት በጎኑ ይሄዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ እልል እንላለን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ወይዘሮ ጥሩዓለም የበርበሬ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ቆመዋል። ጽዋ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ጎንበስ ይላል። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው መጀመሪያ ስማቸው ላይ፣ ከዚያ ጃንጥላው ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ ዐረፈ። እልልታዬን አቋረጥሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ የፈራሁት ደረሰ። ወይዘሮ ጥሩዓለም በዳኛው ላይ ለበላይ አቤት ብለዋል፤ ስማቸው ለማጣራት ፍኖተ ሰላም ተጠርቷል። ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው ከባላጋራዬ ጋር ጽዋ ይጠጣል፣ ሁለተኛው ለፋሲካ ከባላጋራዬ ሙክት ተቀብሏል የሚል። ጽዋው እውነት ነው። ሙክቱ ግን ወንድሜ ከማንኩሳ እየነዳ ያመጣልን ነበር። ሙክት በራችን ሲገባ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ ከማን እንደመጣ ግን ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? የተበላ በግ አይመሰክርም። ያን ጊዜ አስተማሪ ነበርሁ፤ ጠመኔ ስይዝ ፊደሉ ሁሉ ተንጋደደብኝ። ስማቸው ከሥራ ሲባረር፣ ሲታሰር፣ ጓዜን ይዤ አባቴ ደጃፍ ስቆም በቁሜ ይታየኝ ጀመር።

አንድ እሑድ ሙሴው ሁለት ማኅበርተኞች አስከትለው መጡ። «ዳኛ፣ ይህ ነገር ሳይሰፋ እንጠቅልለው» አሉ። «ሴትዮዋ ዘንድ ሽማግሌ እንላክ። ጎረቤቶቿም ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እያሉ እየመከሯት ነው። ትንሽ ጫን ብንላት አቤቱታዋን ታነሣለች።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ አሜን፣ አሜን እላለሁ። በእኛ አገር ደም እንኳ በሽማግሌ ይደርቃል፤ አንዲት አቤቱታ ምን አላት?

ስማቸው ግን፣ «አባቶቼ፣ ሽማግሌ የላክሁባት ቀን ነው ክሷ እውነት የሚሆነው» አለ። «ዳኛ የላከውን ሽማግሌ እምቢ የምትልበት ምን አቅም አላት? ተዉአት።»

«ቢያባርሩህስ?»

«ያባርሩኛ!»

እንዲህ ሲል ድምፁ እንደ ችሎት ድምፁ የረጋ ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ ግን ጓዳ ገብቶ ውኃ ሊጠጣ ጣሳውን አነሣና ግማሹን ሸሚዙ ላይ አፈሰሰው። እሱም እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያጽናናኛል ያልሁት ሰው እንዲህ ሲሆን ሳይ ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ረዳቱ «ማንኩሳ! ፍኖተ ሰላም!» እያለ ሲጮህ ወይዘሮ ጥሩዓለም ገቡ። የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ጎን። ከሳሽና የተከሳሽ ሚስት ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። እሳቸው ጭናቸው ላይ በነጠላ የተቋጠረ ትልቅ ነገር ይዘዋል።

«እንዴት አደሩ?» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርሽ?»

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣንም። ሹፌሩ የከፈተው የፍቅር ዘፈን አንዲቱን ልጅ ነይልኝ፣ ነይልኝ እያለ ይለማመጣል። መኪናው በጎረበጠ ቁጥር ቋጠሮው ወደ እኔ ይንሸራተትና የበሶና የዳቦ ቆሎ ሽታ ይሸተኛል። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ማንጎ በሳፋ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ሲያንኳኩ ሁለታችንም እኩል በርግገን ተያየን። የዚያን ማንጎ ጣፋጭነት ሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔ ዛሬም አይቼው አልፋለሁ።

አጣሪው ዳኛ ምንይችል የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ከድሮ ያውቁታል፤ ግን አልሳሙትም። ለሁለቱም እኩል አንገታቸውን ነቀነቁ። ይህ አስፈራኝ። የቢሮው ሠራተኛ ለስማቸው ወንበር ሊስብ ሲነሣም፣ «ለሁለቱም አምጣ፤ ካልሆነ ሁለቱም ይቆማሉ» አሉት። ስለ ሙክቱ የእኔን ቃል አስቀድመው ሰሙና ጥግ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ጥሩዓለም ዞሩ።

«ይህ የያዙት ምንድን ነው?»

«ስንቄ ነው ጌታየ።»

«የምን ስንቅ?»

«የእስር ቤቱ ነዋ። ዳኛ ከሶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አልሰማሁም። ላሞቼን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ንስሐ ገብቼ ነው የመጣሁ።»

አጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። «ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ አቤት ያለ ሰው እዚህ ቤት አይታሰርም። ስንቁን ለመመለሻዎ ይብሉት» አሉ። ሴትዮዋ ግን አላመኑም፤ ቋጠሮውን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አደረጉት። ያን ሁሉ ቀን እሳቸውን ስፈራ የኖርሁት እኔ፣ ከእኔ ብሰው ሲፈሩ ሳያቸው ምን እንደምሆን ግራ ገባኝ።

«ሙክቱን ሲቀበሉ በዓይንዎ አይተዋል?»

«አላየሁም ጌታየ» አሉ ወይዘሮ ጥሩዓለም። «አቤቱታውን የጻፈልኝ ሰው ነው፣ ጽዋ ብቻ ብለሽ ብትሄጂ ይስቁብሻል፣ ሙክት ጨምሪበት ያለኝ። በቃ፣ ውሸታም ሆንሁ። እሰሩኝ።»

አሁን አለቀላቸው አልሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን የታየኝ እነዚያ ለጎረቤት የተሰጡት ላሞች ናቸው። አጣሪው ስማቸውን «ምን ይላሉ?» አሉት።

«ሙክት አልተቀበልሁም» አለ ስማቸው። «የጽዋው ግን እውነታቸውን ነው።»

ምነው ምላሱን በያዘልኝ ብዬ ተሳልሁ። አጣሪው ግን፣ «ገለባ አለበት ተብሎ እህል አይደፋም። ሙክቱ ወጥቷል፤ ጽዋው ይቀረናል» አሉና ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። «ዳኛ ስማቸው፣ አቶ አንዳርጌ ላይ ቢፈርዱባቸው ሊቀየሙዎ ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

«ከተቀየሙ በወሩ ጽዋውን እንዴት ትጠጣላችሁ?»

«ታርቀን ነው እንጂ፣ ሌላ መንገድ የለውም።»

«ዳኛ የፈረደበትን ሰው ምን ብሎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»

ያ የምወደው ሥርዓት እንዲህ ሲገለበጥ እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ወይዘሮ ጥሩዓለም ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ቆመው ያዩት ይህንኑ ነበር። «ሕጉ ጽዋን አይጠራም ብዬ ነው» አለ ስማቸው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሕጉ አይጠራም» አሉ አጣሪው። «እርስዎ ግን የጎጃም ልጅ ነዎት።»

የተመለስነውም በአንድ አውቶቡስ ነው። ማንኩሳን ስናልፍ ወይዘሮ ጥሩዓለም ያልታሰሩ መሆናቸውን ገና አሁን ያመኑ ይመስል ረጅም ትንፋሽ ወሰዱና ቋጠሯቸውን ፈቱ። ብቻቸውን መብላት ነውር ስለሆነባቸው ነው መሰለኝ፣ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ዘግነው ወደ እኔ ዘረጉ። ተቀበልሁ። ስማቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ «እንዳትበይ፤ ገና አልተፈረደም» አለኝ። በሹክሹክታ ነበር፤ የሰሙት አልመሰለኝም። ዳቦ ቆሎውን እንደጨበጥሁ ቡሬ ገባሁ።

ውሳኔው እስኪመጣ በር ሲንኳኳ እየዘለልሁ ሰነበትሁ። ወተት ሻጯ ስታንኳኳ እንኳ ፖሊስ ትመስለኝ ነበር። በመጨረሻ መጣ። ሙክቱ ሐሰት ነው፤ ጽዋውን ግን ዳኛው አስቀድሞ መናገርና ከጉዳዩ መነሣት ነበረበት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ነገሩን ሌላ ዳኛ ይየው። አልተባረረም! መሬት ስሜ ተነሣሁ። ስማቸው ግን ኮቱን ለብሶ ሙሴው ቤት ሄደና ሲመለስ፣ «ከማኅበሩ ወጣሁ» አለኝ።

«ማን ይቀብረናል?» ብዬ ጮህሁበት።

«እንጃ» አለ። «ዳኛ ሆኜ ጽዋ መጠጣት ግን አልችልም። ዛሬ አንዳርጌ ነው፤ ነገ ሌላው ማኅበርተኛ ይከሰሳል።»

ማኅበርተኞቹ ሚካኤልን ካደ ብለው አኮረፉት። አቶ አንዳርጌ መንገድ ላይ ሲያገኙን ያ ትልቅ ሳቃቸው ይጠፋ ነበር። ነገሩን ያየው ሌላው ዳኛ የወንዝ ዳሩን መሬት ለአቶ አንዳርጌ፣ የላዩን ለወይዘሮ ጥሩዓለም ወሰነ። ለበርበሬ የሚሆነው የወንዝ ዳሩ ነበር። ይህን ስሰማ እንደገና ፈራሁ፤ ሴትዮዋ አሁንስ ምን ይዘው ይመጡብን ይሆን ብዬ። አልመጡም።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ኑሮ የብቻ ኑሮ ነው። ስማቸው በተዛወረበት ከተማ ሁሉ ጽዋ አይገባም፤ የሰው ልጅ ክርስትና አያነሣም፤ ድግስ ሲጠራ ሥራ አለኝ ይላል። በየአገሩ ሰው ኩሩ ነው ብሎ አማው። እሱ ኩሩ አልነበረም፤ በሚካኤል ቀን የጎረቤት እልልታ ሲሰማ ራዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። እኔ ትኩሳት በያዘው ቁጥር ማን ይቀብረው እያልሁ በር በሩን አይ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤ መንገዱ ጸጥ ሲል እፈራለሁ፣ ሲንጫጫም እፈራለሁ። ሰው ፍርሃቱን ይዞ ያረጃል እንጂ ጥሎት አያረጅም።

ጡረታ ሲወጣ ቡሬ ተመልሰን ይህችን ቤት ሠራን። በዚያው ዓመት በኅዳር ሚካኤል ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ወይዘሮ ጥሩዓለም ቆመዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጽዋ አቅፈዋል፤ ከኋላቸው የሰፈራቸው ወንዶችና ሴቶች ዳቦና ጠላ ይዘው ተደርድረዋል። «ደግሞ ምን አጠፋን?» አልሁ። እንኳን ደህና መጡ እንኳ አላልሁም። ስማቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«አያ ስማቸው፣ ዳኝነቱን ተዉት አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከእንግዲህ የሚፈርዱበት ሰው የለም?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያ ያኔ የከለከልሁዎ እኔ ነኝ፤ ዛሬ የምቀዳልዎም እኔ ልሁን። ማኅበራችን ይግቡ ብሎዎታል።»

ስማቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። «መጀመሪያ የተቀያየመ አለ ተብሎ ይጠየቃል» አለ። «የወንዝ ዳሩን አጥተዋል፤ አውቃለሁ።»

«አዎ፣ ተረትቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩዓለም። «ግን ተሰምቼ ነው የተረታሁ። ቂም የለኝም።»

ቀዱለት። ሲጠጣ ጠላው በአገጩ ወርዶ ነጠላው ላይ ፈሰሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በሩን እንደያዝሁ ቆሜ አለቅሳለሁ። ወይዘሮ ጥሩዓለም ወደ እኔ መጡ፤ ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ፈትተው አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ።

«አንችም ብይ፣ የሺ» አሉኝ። «አሁን ተፈርዷል።»